ወባ ትማራለች፤ እኛስ?

በኡራኤልና በካዛንቺስ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ስለ ወባ ስንነጋገር የምንሰማው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነው። «ወባ የቆላ ሰው ችግር ናት፤ እኛን ምን አገባን?» ይባላል። ይህን የሚለው የትምህርት ዕድል ያላገኘው ወገናችን ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ነገር ግን ባዮሎጂ የተማረው፣ በሕክምና ትምህርት ሦስተኛ ዓመት የደረሰው፣ አልፎ አልፎም መምህሩ ጭምር ሲለው ስለ ሰማን ዝም ማለቱ ተገቢ መስሎ አልታየንም። የምንከራከርለት አሳብ አጭር ነው። ወባ በአንድ ስፍራ ቆማ የምትጠብቀን ጠላት አይደለችም፤ እኛ በተንቀሳቀስን ቁጥር አብራን ትንቀሳቀሳለች። ስለዚህ በአንድ መድኃኒት፣ በአንድ መመርመሪያ ወይም በአንድ ዘመቻ «ጨረስናት» ብሎ መተኛት ለጠላት መሣሪያ እንደ ማቀበል ይቆጠራል።

አስቀድመን በቃላቱ እንስማማ። በሌላ ሕያው አካል ተጠግቶ፣ የእርሱን ምግብ እየበላና እርሱን እየጎዳ የሚኖረውን ፍጥረት «ጥገኛ» እንለዋለን፤ ሥጋውንና ደሙን ሳይወድ በግዱ የሚሰጠውን ደግሞ «አስጠጊ» እንበለው። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር መውጣታቸው መልካም ነው፤ የአንዱ ታሪክ ያለ ሌላው አይነገርምና። አስጠጊው በሩን ሲዘጋ ጥገኛው መስኮት ይፈልጋል፤ መስኮቱ ሲዘጋ ጣራውን ይነቅላል። አስጠጊውም እንደ ገና ጣራውን ይከድናል። ይህ እሽቅድምድም ከሰው ልጅ ታሪክ እጅግ የቀደመ ነው፤ የሚያበቃበትም ቀን አልተቈረጠለትም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ትማራለች» ስንል ወባ አእምሮ አላት ማለታችን አይደለም። ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ትምህርቱ የሚገኘው በተፈጥሮ ምርጫ ነው። በአንድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ በሚሊዮን በሚቆጠሩት ጥገኞች መካከል ጥቂቶቹ በአጋጣሚ ከወንድሞቻቸው ልዩ ሆነው ይወለዳሉ። መድኃኒት ሲመጣ ብዙዎቹ ያልቃሉ፤ ልዩነታቸው የረዳቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ። የነገው ትውልድ የእነዚያ የጥቂቶቹ ልጅ ነው። እንግዲህ ወባ የምትማረው በሞት ነው፤ የትምህርት ቤት ክፍያዋም የልጆቿ ሬሳ ነው። ጊዜውም ለእርሷ ያደላል። ፋልሲፓረም የተባለው ዋናው የወባ ጥገኛ በደማችን ውስጥ በ48 ሰዓት አንድ ጊዜ ተባዝቶ ይወጣል። የሰው ልጅ አንድ ትውልድ 25 ዓመት ነው ብንል፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ ጥገኛው ከ4,500 ጊዜ በላይ ይባዛል ማለት ነው። እኛ አንድ ፊደል ስንቆጥር እርሱ መጽሐፉን ይጨርሳል።

አንዳንድ መምህራን ቀድሞ የሚያስተምሩት አንድ ትምህርት ነበር፤ ዛሬም ከአንዳንድ ሰው አፍ አልጠፋም። ይኸውም «ጥገኛና አስጠጊ ብዙ ዘመን አብረው ከኖሩ በመጨረሻ ይታረቃሉ፤ ቤቱን የሚያቃጥል ጥገኛ የለም» የሚል ነው። ይህን አሳብ በሰፊው ሜዳ ለመመርመር ያስቻለችው አውስትራልያ ናት። አገሪቱ ሰብሏን የሚያጠፋውን ጥንቸል ለመፍጀት በ1950 ማይክሶማ የተባለውን ቫይረስ ለቀቀች፤ ቫይረሱንም ከጥንቸል ወደ ጥንቸል የምታደርሰው ትንኝ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ከታመሙት 100 ጥንቸሎች ውስጥ ከ99 በላይ ይሞቱ ነበር። ፍራንክ ፌነርና የሥራ ባልደረቦቹ ዓመት በዓመት ሲከታተሉት ሁለት ነገር አዩ። አንደኛ፣ ቫይረሱ ለዘብ አለ፤ ቶሎ የሚገድለው ዓይነት ትንኝ መጥታ ሳትወስደው ከአስጠጊው ጋር ይቀበር ነበርና። ሁለተኛ፣ ጥንቸሎቹም ጠነከሩ።

እስከዚህ ድረስ ዕርቅ ይመስላል። ነገር ግን ጥንቸሉ በጠነከረ ጊዜ ቫይረሱ እንደ ገና ወደ ክፋቱ ተመለሰ። እንግዲህ በመካከላቸው የተፈረመ የሰላም ውል የለም፤ ያለው ለመተላለፍ የሚበጀው መንገድ ብቻ ነው። ወባም ብትሆን በሺህ ለሚቆጠር ዓመት ከሰው ጋር ኖራ ዛሬም ሕፃናትን ትገድላለች። «ይለመዳል፣ ይለዝባል» ብሎ መጠበቅ ከሳይንስ የተገኘ ተስፋ አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ደም እንመለስ። ቫይቫክስ የተባለው ሁለተኛው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲገባ ዳፊ የተባለውን በሕዋሱ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን እንደ በር ይጠቀማል። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1976 እንዳሳዩት፣ ዳፊ በደሙ የሌለ ሰው ቫይቫክስን ይቋቋማል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን አብዛኞቹ ይህ በር በቀይ ደማቸው ላይ የለም፤ በዚያም ቫይቫክስ እምብዛም አይታይም። በአገራችን ግን በሩ ያላቸውም የሌላቸውም ሰዎች ተቀላቅለው ስለሚኖሩ፣ ቫይቫክስ ከፋልሲፓረም ቀጥሎ ሁለተኛው የወባ ምክንያት ነው። በሩን መዝጋት የአስጠጊው መልስ መሆኑ ነው።

ታዲያ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2010 ከማዳጋስካር፣ ከዚያም ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ ጥናቶች ቫይቫክስ ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም መገኘቱን አስታወቁ። በእነዚህ ሰዎች የሚገኘው የጥገኛ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው። ጥገኛው አዲስ ቁልፍ ቀርጾ ይሁን ወይስ ድሮውንም በሩ ፈጽሞ አልተዘጋ ይሁን፣ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል። ለዚህ ክርክር ከሁሉ የተሻለችው ቤተ ሙከራ ሁለቱ ዓይነት ሰዎች በአንድ ቀበሌ የሚኖሩባት ኢትዮጵያ ናት። የአገራችን ተማሪ ግን ጉዳዩን የሚያነበው፣ ካነበበው፣ በባሕር ማዶ መጽሔት ነው።

አስጠጊው የሚመልሰው በደሙ ብቻ አይደለም፤ በአኗኗሩም ይመልሳል። አባቶቻችን አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለው ሲከፍሉት የአየሩን ብርድና ሙቀት ብቻ መለካታቸው አልነበረም። ቆላ ወርዶ አርሶ፣ ሳይመሽ ወደ ደጋ ወጥቶ ማደር የቆየ ልማድ ነው። የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትናከሰው በሌሊት መሆኑን በማይክሮስኮፕ ሳያዩ፣ በሞትና በመቃብር ቆጥረው ደርሰውበታል። ይህን ጥበብ የረሳ መንግሥትም ዋጋውን በሕዝቡ አስከፍሏል። ከ1984ቱ ረኀብ በኋላ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከደጋው እየተነሣ እንደ መተከልና ጋምቤላ ባሉ ቆላማ ስፍራዎች ሲሠፍር፣ ወባን የማያውቀው ደመ ደገኛ በብዙ ረገፈ። ዛሬም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ሲመለስም ጥገኛውን በደሙ ይዞ ወደ ደጋው መንደር ይገባል።

የደጋው ከፍታ ራሱ የተማመኑበትን ያህል እንዳልሆነ 1958 አሳይቷል። በዚያ ዓመት ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ወባ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ወዳለው አገር ወጥታ፣ 3 ሚሊዮን የሚሆን ሰው አሳመመች፤ 150,000 ያህሉንም እንደ ገደለች ተገምቷል። በማግሥቱ በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። ስሙን ልብ እንበል፤ «ማጥፊያ» ነበር። ዲዲቲ በየጎጆው ተረጨ፤ የዘመኑ ሰውም ወባ በጥቂት ዓመት ውስጥ የታሪክ መጽሐፍ ምዕራፍ ብቻ ትሆናለች ብሎ አመነ። በ1970ዎቹ ግን ድርጅቱ እንደ ገና ሲዋቀር «ማጥፊያ» የሚለው ቃል ወርዶ «መቆጣጠሪያ» በሚል ተተካ። በዚህ በአንድ ቃል መለወጥ ውስጥ ታላቅ ትምህርት አለ።

በሁለቱ ቃላት መካከል የሆነው ምን ነበር? ገንዘብና አስተዳደር ጎድሏል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ወባም ተምራለች። ትንኟ ዲዲቲን ስለ ተቋቋመችው ወደ ሌላ መርዝ መሻገር ግድ ሆነ፤ የተሻገርንበትንም ወደ መልመድ ሄደች። ክሎሮኪን ፋልሲፓረምን መግደል ሲሳነው በ1998 በፋንሲዳር ተተካ። ፋንሲዳርም ስድስት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሠራ በ2004 ኮአርተም በሚባለው፣ አርቴሚሲኒን ባለበት ድብልቅ መድኃኒት ተተካ። አንዱ መድኃኒት በወደቀ ቁጥር «አዲሱ ይበልጣል» እየተባለ ይታለፋል እንጂ፣ ለምን እንደሚወድቅ ለሕዝቡ የሚያስረዳው የለም።

ከሁሉ ይልቅ ሊያስደንቀን የሚገባው ግን የመመርመሪያው ጉዳይ ነው። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሕመምተኛው ጣት አንድ ጠብታ ደም ወስዳ በፈጣን መመርመሪያ ላይ ታደርጋለች፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መሥመር ከወጣ ወባ አለ ማለት ነው። ፋልሲፓረምን የሚያሳየው መሥመር የሚፈልገው ኤች አር ፒ ሁለት የተባለውን፣ ጥገኛው የሚያመነጨውን ፕሮቲን ነው። ይህ ብዙ ነፍስ ያዳነ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ያን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ከጠፋ ጥገኛው ከመመርመሪያው ዓይን ይሰወራል። ሕመምተኛው «የለብህም» ተብሎ ይሸኛል፤ መድኃኒት አይሰጠውም፤ በደሙ ያለው ጥገኛ በሰላም ወደ ትንኝ፣ ከትንኝም ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ጂኑ ያለው ወንድሙ ግን ተይዞ ይገደላል። እንግዲህ ጂን የሌለውን ጥገኛ መርጦ ያራባው ሌላ ማንም ሳይሆን የእኛው መመርመሪያ መሆኑ ነው።

ይህ ግምት አይደለም። እንዲህ ያለው ጥገኛ በመጀመሪያ የተገለጸው በ2010 ከፔሩ ነበር፤ ቀጥሎም በኤርትራ በብዛት ተገኘ። በአገራችንም በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12,000 በላይ ሕሙማን ተመርምረው፣ ውጤቱ በ2021 ታትሟል። በጂኑ መጥፋት ምክንያት መመርመሪያው የሳታቸው ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 ከመቶ ይሆናሉ ተብሎ ተገመተ። የጂኑም አቀማመጥ ሲመረመር ለውጡ በቅርቡ በምርጫ ኃይል የተስፋፋ መሆኑን አመለከተ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያው የሚስታቸው ሰዎች ከ5 ከመቶ ሲያልፉ አገሩ መመርመሪያውን እንዲለውጥ ይመክራል። እኛ የድርጅቱን ወሰን እጥፍ ለማለት በጥቂቱ ቀርቶን ነበር።

መድኃኒቱም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። አርቴሚሲኒንን ከሚያዳክሙት የጂን ለውጦች አንዱ፣ ኬልች 13 በተባለው ጂን ላይ በ622ኛው ስፍራ የሚገኘው፣ በ2014 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በተሰበሰበ ናሙና ታየ። ከሦስት ክልሎች የተሰበሰበው ናሙና ውጤት በ2023 ሲታተም ለውጡ በ8 ከመቶው ተገኘ፤ ከእነዚህም ውስጥ መመርመሪያውን የሚያመልጡ ነበሩባቸው። በኤርትራ ይኸው ለውጥ በ2016 ከነበረበት 8.6 ከመቶ በ2019 ወደ 21 ከመቶ ከፍ አለ። ጥገኛው ቪዛ አይጠይቅም፤ ድንበር ሲዘጋም ሲከፈትም አይሰማም። ከሠፈራችን ብዙም በማይርቀው የአፍሪካ አዳራሽ በ1963 የአፍሪካ መሪዎች ስለ አንድነት ተፈራርመዋል። ወባ ግን ያለ ፊርማ አንድ ሆና ሠርታለች።

«ይህም ቢሆን የቆላ ወሬ ነው» የሚለን ወንድማችን የድሬዳዋን ነገር ይስማ። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ በ2016 በቀብሪ ደሐር ተገኘች። ጥቂት ቆይቶ በጅጅጋ፣ በጎዴ፣ በሰመራ፣ በአዋሽ፣ በባቲና በድሬዳዋም ታየች። የቀድሞዋ ትንኛችን ረግረግና የዝናብ ኩሬ ትወድ ነበር። ይህችኛዋ ግን የከተማ ሰው ናት፤ በበርሜል፣ በውሃ ታንከርና ለሲሚንቶ ማቡኪያ በተቆፈረ ጉድጓድ ትራባለች። ክረምትም አትጠብቅም። በ2019 በዓመቱ ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን ብቻ የተመዘገበባት ድሬዳዋ በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በላይ መዘገበች። ጥናት ከተደረገባቸው ስፍራዎች አንዱ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኝታ ነበር። ከሕሙማኑ የተገኘውም ጥገኛ የመድኃኒቱንም የመመርመሪያውንም ማምለጫ ምልክት የያዘ ሆኖ ተገኘ። ሦስቱ ትምህርቶች፣ የትንኟ፣ የመድኃኒቱና የመመርመሪያው፣ በአንድ ከተማ ተገናኙ። የተገናኙትም እንደ እኛው ያለ ተማሪ በሚተኛበት አልጋ አጠገብ ነው።

አዲስ አበባ እስካሁን የዳነችው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታዋ ነው። ፋልሲፓረም በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይሻል፤ ከ16 ዲግሪ በታች አይሆንለትም። የከተማችን አማካይ ሙቀት ግን ከዚሁ ቁጥር ብዙ አይርቅም። በደብረ ዘይት አካባቢ ከ1993 እስከ 2005 የነበረውን መዝገብ የመረመሩ ሰዎች በ2014 እንዳሳተሙት፣ ሞቃት በሆነው ዓመት ወባ ወደ ከፍተኛው ስፍራ ትወጣለች። ደብረ ዘይት ከኡራኤል 45 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ወባ ነገ ካዛንቺስ ትገባለች ብለን ሰው ማስደንገጥ አንፈልግም። የምንለው ከፍታችን የተከራየነው ቤት እንጂ ርስታችን አይደለም ነው።

ለሕክምና ተማሪ የተናገርነው ለእርሻ ተማሪም ይሠራል። በስንዴ ላይ ያለው ዋግም ጥገኛ ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳና ጋላማ የተባሉትን የታወቁ የስንዴ ዝርያዎች አጠቃ። ገበሬው እነርሱን ጥሎ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው፣ ዓለም ሁሉ የፈራውን ዩጂ 99 የተባለ የግንድ ዋግም ወደሚችለው ወደ ዲገሉ ዞረ። አርሲና ባሌ በዲገሉ ተሸፈኑ። በ2013 መጨረሻ ከዩጂ 99 ዘር ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌ አንዳንድ ማሳ ላይ ሰብሉን ሙሉ በሙሉ አወደመው። ዲገሉ መጥፎ ስንዴ አልነበረም። ጥፋቱ አንድን በር በአንድ ቁልፍ ቆልፎ፣ ያንኑ ቁልፍ በአገሩ ሁሉ በር ላይ ማንጠልጠል ነበር። ቁልፉን የቀረጸ አንድ ሌባ አገሩን ሁሉ ይከፍታል።

ባላገሩ ይህን ከእኛ በፊት ያውቅ ነበር። ትግራይ ውስጥ ስንዴና ገብስ አደባልቆ ሓንፈጽ ብሎ መዝራት፣ በየአውራጃው ልዩ ልዩ የገብስና የማሽላ ዘር ይዞ መኖር የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ብዙ ተዘብቶበታል። ዳሩ ግን አውሮፓ ከ1979 ጀምሮ በገብሷ ላይ የሚወርደውን፣ ቅጠሉን ዱቄት የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን የሻጋታ በሽታ የተከላከለችበት አንዱ ጂን የተገኘው ጀርመኖች በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ ገበሬ ከወሰዱት የገብስ ዘር ነው። ልዩነት ሀብት ነው የምንለው ለውበት ብለን አይደለም። ጥገኛው ነገ የሚያመጣውን ስለማናውቅ፣ የነገው መልስ ዛሬ ከናቅነው ዘር ውስጥ ሊገኝ ስለሚችል ነው። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ ዶክተር መላኩ ወረደ የመሩት የዘር ማከማቻ ማዕከል ዋጋው በዚህ ሚዛን መመዘን አለበት።

ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። አንደኛው «ሁሉን በጥገኛው ጥበብ ላይ አታሳቡ» የሚል ነው፤ ይህ እውነት ነው። በ2019 ከ1 ሚሊዮን በታች ወርዶ የነበረው የአገራችን የወባ ሕሙማን ቁጥር በ2023 ወደ 4.1 ሚሊዮን፣ በ2024 ደግሞ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሲደርስ፣ ጦርነቱ የዘጋቸው ጤና ኬላዎች፣ የተፈናቀለው ሕዝብና ሳይታደል የቀረው አጎበር ድርሻቸው ከባድ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክራችንን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ሰው እርስ በርሱ ሲጣላ ጥገኛው የዕረፍት ቀን አይወስድም፤ እኛ ሥራ ያቆምንበት ዓመት ለእርሱ የትምህርት ዓመት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሁልጊዜ የሚያመልጠን ከሆነ ድካሙ ለምን?» የሚል የተስፋ መቁረጥ ቃል ነው። በ1958 በአንድ ወረርሽኝ 150,000 ሰው ሞቷል። በ2024 በተጠቀሱት ዐሥር ወራት ውስጥ ሞተው የተመዘገቡት 1,157 ናቸው፤ ሕዝባችንም በመካከሉ ብዙ እጥፍ ሆኗል። ሳይመዘገብ የቀረ ሞት እንዳለ እናምናለን፤ 1,157ም የእናት ልጆች ናቸው። ሆኖም ሁለቱን ቁጥር ያስተያየ ሰው ሩጫው ከንቱ ነው አይልም። የሚሮጥ ሰው ከጠላቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ የቆመ ግን ይበላል። የምንለምነው ሩጫውን በቃን ብለን እንዳንቀመጥ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታችን ይታረም። የዝግመተ ለውጥ ትምህርት በክፍላችን የሚሰጠው ስለ ድሮ አጥንትና ስለ ሩቅ ደሴት ወፎች ነው፤ ተማሪውም ለፈተና አጥንቶ ይረሳዋል። በሕክምና፣ በነርስነት፣ በፋርማሲና በእርሻ ትምህርት ክፍሎች ሁሉ ከአገራችን ወባና ከአገራችን ዋግ እየተነሣ፣ ዛሬ የሚሠራ ነገር ሆኖ እንዲሰጥ መምህራኖቻችንን በአክብሮት እንጠይቃለን። መድኃኒት የሚያዝ ሰው በእጁ የያዘው የምርጫ መሣሪያ መሆኑን ካላወቀ፣ ሙያው ግማሽ ነው።

ሁለተኛ፣ ለእረፍት ወደ ቆላ አገራቸው የሚወርዱ ጓዶች ይህን ለቤተሰቦቻቸው ይንገሩ። ትኩሳት ያለበት ሰው በፈጣኑ መመርመሪያ «የለብህም» ቢባልና ሕመሙ ቢጸና፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቅ። የተሰጠውን ኪኒን ትኩሳቱ ሲበርድለት አቋርጦ የቀረውን ለጎረቤት አያካፍል፤ ቸርነት መስሎት በሽታውን በወጉ ሳያድን ይቀራልና። የጤና ባለሙያውም መመርመሪያው ሊስት እንደሚችል አውቆ ሕመምተኛውን ደግሞ ይየው። መንግሥትም መመርመሪያውን ከለወጠ በኋላ አዲሱን ደግሞ ጥገኛው በምን እንደሚያመልጠው ሳይሰለች ይከታተል። መከታተያው የውጭ ገንዘብ ሲመጣ የሚከፈት፣ ሲሄድ የሚዘጋ ሱቅ መሆን የለበትም።

ሦስተኛ፣ ሠፈራችንን እንመልከት። ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ በየግንባታው ስፍራ ክዳን የሌለው የውሃ በርሜል ሞልቷል፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣም በየግቢው ይጠራቀማል። በርሜልን መክደን፣ የትንኝ እጭ እንዴት ያለ እንደሆነ አውቆ ባዩት ጊዜ ለጤና ጣቢያ መንገር የሊቅ ሥራ አይደለም። የባዮሎጂ ተማሪዎች ማኅበራችን በየሳምንቱ ቅዳሜ ጥቂት ሰዓት ቢሰጥ፣ በሠፈሩ ውሃ ውስጥ የምትራባው ትንኝ የትኛዋ እንደሆነች የሚያሳይ መዝገብ ለመጀመር ይበቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ቆመው፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባዩ ጊዜ በእጃቸው ታላቅ መሣሪያ አልነበረም። ያያቸውን ሳያይ የሚያልፍ ሞልቶ ሳለ እርሳቸው ቆመው ጠየቁ፤ የቢልሃርዝያን ጥገኛ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በአገር ተክል ለመግደል የሚያስችለው ግኝትም ከዚያ ተወለደ።

ከእንግዲህ «ወባ ጠፋች» ወይም «ወባ አይመለከተንም» የሚል ንግግር በመካከላችን ሲነሣ፣ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ። ከባለፈው ዓመት ወዲህ ጥገኛው ምን ተማረ? እኛስ ምን ተማርን? ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያላቸው ጥናቶች ታትመው በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። የሁለተኛው መልስ በእኛ እጅ ነው፤ ውድ አንባቢያንና መምህራን መልሳችሁን በዚሁ ጋዜጣ እንድትሰጡን እንጠብቃለን።